ብቻውን የሚጓዝ መኪና የት ይሸሸጋል? የቀጥታ የትራፊክ መረጃ እና ግላዊነት በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር መንገዶች

ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ የሚያሽከረክር የአዲስ አበባ ነዋሪ መንገዱ መጨናነቁን ለማወቅ የስልኩን ካርታ ይከፍታል። መስመሩ ቀይ ከሆነ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ አረንጓዴ ከሆነ ይቀጥላል። ከሚዛን አማን ተነሥቶ በበበቃ በኩል ወደ ዲማ፣ ወይም ከቴፒ ወደ ማሻ የሚጓዝ የጭነት መኪና ሹፌር ግን ያንኑ ጥያቄ የሚጠይቀው ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ባልደረባውን ነው፤ መብራት ብልጭ አድርጎ፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ መስኮት አውርዶ፣ ወይም ስልክ ደውሎ። ሁለቱም የሚሹት አንድ ዓይነት መረጃ ነው፦ እኔ ገና ያልደረስኩበትን መንገድ ሌላው አልፎበታልና ምን ገጠመው? ልዩነቱ ያለው መረጃውን የሚሰጠው ሰው መስጠቱን በማወቁና ባለማወቁ ላይ ነው። የአዲስ አበባውን ካርታ ቀለም የሚቀቡት በአብዛኛው መረጃ መስጠታቸውን ልብ ያላሉ ሰዎች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። የቀጥታ የትራፊክ መረጃ የማንንም ግላዊነት አይነካም የሚባለው በአንድ ብዙ ጊዜ በማይነገር ቅድመ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ እርሱም ብዛት ነው። ብዙ መኪና ባለበት አንዱ በሌላው ውስጥ ይሸሸጋል። ከቦንጋ በሺሺንዳና በዋቻ አልፎ ወደ ሚዛን አማን፣ ከዚያም ወደ ቴፒ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ ይልቁንም ከዋናው መንገድ ወደ ቡና ቀበሌዎች በሚገነጠሉት የጠጠር መንገዶች ላይ፣ ይህ ብዛት የለም። ስለዚህ ለትልቅ ከተማ የተበጀው አሠራር እንዳለ ወደዚህ ሲመጣ ስሙ «የመንገድ መረጃ» እንደሆነ ይቀጥል ይሆናል፤ ግብሩ ግን የሰው ክትትል ይሆናል።

መረጃው እንዴት እንደሚሰበሰብ በመጠኑ ማብራራት ያስፈልጋል። ቀደም ባለው ጊዜ በበለጸጉት አገሮች የመንገድ እንቅስቃሴ የሚለካው ከአስፋልቱ ሥር በተቀበሩ የሽቦ ቀለበቶች፣ በካሜራና በሄሊኮፕተር ቅኝት ነበር። እነዚህ መሣሪያዎች የሚቆጥሩት ቦታውን እንጂ ተጓዡን አልነበረም፤ ቀለበቱ መኪና ማለፉን ያውቃል፣ መኪናው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። ለውጡ የመጣው ስልክ የራሱን ቦታ ከሳተላይት ማወቅ ሲጀምር ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ተመራማሪዎች ከኖኪያ ኩባንያ ጋር ሆነው ጂፒኤስ ያለው ስልክ የያዙ 100 መኪኖችን በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ለአንድ ቀን አመላልሰው፣ ከጠቅላላው ተሽከርካሪ ከመቶ ጥቂት እጅ የሚሆነው ብቻ መረጃ ቢልክ የመንገዱን ፍጥነት በአጥጋቢ ሁኔታ መገመት እንደሚቻል አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት ጉግል በካርታው ከሚጠቀሙ ሰዎች ስልክ የሚላከውን ቦታና ፍጥነት አጠራቅሞ የመንገዶችን መጨናነቅ ማሳየት መጀመሩን ገለጸ። ካርታው የሚያየው ስልክን እንጂ መኪናን አለመሆኑን በግልጽ ያሳየው በ2020 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ሲሞን ቬከርት የተባለ አርቲስት ነው። 99 አሮጌ ስልኮችን በትንሽ የእጅ ጋሪ ላይ ጭኖ በባዶ ጎዳና በእግሩ ሲጎትት፣ ካርታው ያንን ጎዳና በቀይ ቀባው።

በኢትዮጵያ የእንቅስቃሴ መረጃ ምንጩ የስልክ ካርታ ብቻ አይደለም። ስልክ ማንም ባይነካውም ከአንዱ የኔትወርክ ማማ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በቴሌኮም ድርጅቱ ዘንድ አሻራ ይተዋል፤ ሲም ካርዱም በባለቤቱ ስም የተመዘገበ ነው። የጭነት መኪና ባለንብረቶች በመኪናዎቻቸው ላይ ጂፒኤስ ያስገጥማሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሳሰሉት የዲጂታል መንገዶች ስለሆነ፣ አንድ መኪና በየትኛው ማደያ በስንት ሰዓት እንደቀዳ ከሰሌዳ ቁጥሩ ጋር ይመዘገባል። እያንዳንዱ መዝገብ የራሱ አግባብ ያለው ዓላማ አለው። ሆኖም ሁለቱን ወይም ሦስቱን አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው የአንድን ሹፌር ሳምንት እንደ ዕለት ማስታወሻ ሊያነብ ይችላል።

አገልግሎት ሰጪዎች ለግላዊነት ሥጋት የሚሰጡት የተለመደ መልስ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ከመረጃው ላይ ስምና ስልክ ቁጥር መፋቃቸው ነው። ሁለተኛው የብዙ ሰዎችን መረጃ በጥቅል ማቅረባቸው ነው። ጉግል በ2009 እ.ኤ.አ. በሰጠው ማብራሪያ ከዚህ አልፎ የእያንዳንዱን ጉዞ መነሻና መድረሻ ለይቶ እንደሚያጠፋ ገልጾ ነበር፤ ስም የሌለው ጉዞ እንኳ ከየት ተነሥቶ የት እንዳበቃ ከታወቀ ባለቤቱን ለመለየት እንደሚያበቃ ኩባንያው ራሱ መቀበሉ ነበር። ይህን የሚያጠናክር ጥናት በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዴ ሞንትዦይና ባልደረቦቹ የአንድ ሚሊዮን ተኩል ሰዎችን የ15 ወራት የሞባይል መዝገብ መርምረው፣ ሰውየው የት በየትኛው ሰዓት እንደነበረ የሚያሳዩ አራት ነጥቦች ብቻ ከመቶ 95 የሚሆኑትን ሰዎች ከሌላው ሁሉ ለመለየት እንደሚበቁ አረጋገጡ። መዝገቡ የተገኘው ከአንድ የአውሮፓ አገር ነው። ሰው በሳሳበት ስፍራ አራቱ ነጥቦች ወደ ሁለት ቢወርዱ የሚደንቅ አይሆንም።

ይህንን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ለአብነት ያህል፣ በአንድ የአዲስ አበባ ዋና ጎዳና ላይ በሰዓት 2000 መኪኖች በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያልፋሉ ብንል፣ በማንኛውም ቅጽበት በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ 100 መኪኖች ይገኛሉ። በአንድ የገጠር መንገድ ላይ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ተደምሮ በሰዓት 10 መኪኖች በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያልፋሉ እንበል። በአራት ኪሎ ሜትር ላይ አንድ መኪና ብቻ ይገኛል ማለት ነው። ምሽት ላይ ቁጥሩ ወደ ሁለት ቢወርድ በ20 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ይሆናል። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ «የትራፊክ ፍሰት» የሚባለው ነገር ያ አንድ መኪና ነው። ካርታው መስመሩን አረንጓዴ ቢቀባው መኪናው እየሄደ ነው፤ ቀይ ቢቀባው ቆሟል ወይም ተይዟል። ስም መፋቁ እዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። መኪናው ከዋቻ ሲነሣ ያየው ሰው የማን እንደሆነ፣ ምን እንደጫነ፣ ረዳቱም ማን እንደሆነ ያውቃልና።

በዚህ ላይ ለከተማ ሰው የማይታየው አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሥርዓቶች «ከዚህ ቁጥር በታች ስልክ ካለ መረጃው አይታይ» የሚል ወለል ያስቀምጣሉ። ነገር ግን ከቴፒ ወደ ሚዛን የሚሄድ አንድ አውቶቡስ ሠላሳ ስልክ ሊይዝ ይችላል። በሥርዓቱ ዓይን ወለሉ ተሟልቷል፤ መንገዱ ላይ ያለው ግን አንድ መኪና ነው። ተሳፋሪዎቹም እስከመጨረሻው አብረው አይዘልቁም። ከመካከላቸው አንዷ በደን ዳር ብቻዋን ስትወርድ፣ እስከዚያ ድረስ ከሠላሳው ጋር ተቀላቅሎ የነበረው የእሷ ስልክ ብቻውን ወደ አንድ ደጃፍ የሚያመራ ነጥብ ይሆናል። ስለሆነም በእኛ አካባቢ ወለሉ መቆጠር ያለበት በመኪና እንጂ በስልክ አይደለም። በሚዛንና በአማን መካከል እንደሚታየው ባጃጅ በሚርመሰመስበት የከተማ ክልል ችግሩ ይቀንሳል፤ ከከተማ ወጣ ሲባል ግን ይመለሳል።

ለመሆኑ ይህ ማንን ይጎዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከቡናው ጋር የተያያዘ ነው። በመኸር ወራት በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚጓዘው ጭነት በአመዛኙ ቡና ነው፤ ወደ ውስጥ በሚገቡት መኪኖች ደግሞ ብዙ ጊዜ የቡና መግዣ ገንዘብ አለ። አንድ አቅራቢ በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ሰብሳቢ ደጅ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ ማወቅ ለተፎካካሪው ትልቅ የንግድ ምስጢር ነው። ለዘራፊ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በአገራችን በተለያዩ መንገዶች ሹፌሮች ሲታገቱና ሲገደሉ በሰማንባቸው በእነዚህ ዓመታት፣ ብቸኛው መኪና በዚህ ሰዓት በየትኛው ኩርባ ላይ እንዳለ ለማንም የሚያሳይ ካርታ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የማንም ስም የሌለበት የጥቅል መረጃ ራሱ ሕይወትን ሊነካ እንደሚችል ጉግል በየካቲት 2014 ዓ.ም. በተግባር ተቀብሏል፤ ጦርነቱ ሲጀመር በዩክሬን የቀጥታ ትራፊክ ማሳያውን ለሕዝብ እንዳይታይ ዘግቶታል።

ቡና ጭኖ መጓዝ በሕግ የሚመራ ሥራ መሆኑም መረሳት የለበትም። በቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ማዕቀፍ ውስጥ ጭነቱ በመሸኛ ይጓዛል፤ በየኬላው ይፈተሻል። ቁጥጥሩ ሕገ ወጥ ዝውውርን ለመግታት የታሰበ ስለሆነ ተቃውሞ የለኝም። የኬላው ፍተሻ ግን ሹፌሩ ያውቀዋል፤ ወረቀቱን ያሳያል፤ ይከራከራል፤ ያልፋል። ለመንገድ መጨናነቅ ተብሎ የተሰበሰበ መረጃ በጀርባ በር ለኬላ ሥራ ሲውል ግን ሹፌሩ የማያውቀው፣ ሊከራከርበትም የማይችል ሁለተኛ ኬላ ይፈጠራል። አንድ መኪና ከመንገድ ዳር ለሁለት ሰዓት መቆሙ ቡና ማራገፉን ላያሳይ ይችላል፤ ጎማ ፈንድቶ፣ ጭቃ ይዞት፣ ወይም ሹፌሩ ዘመድ ለቅሶ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ነጥቡ መቆሙን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

በዚህ አካባቢ ከሚሰነዘሩት መቃወሚያዎች ሁሉ ጠንካራው እንዲህ የሚለው ነው፦ «እዚህ ማን ከማን ይደበቃል? በመናኸሪያው የተቀመጠ ሁሉ ማን ወዴት እንደሄደ ያውቃል።» እውነት ነው፤ ትንሽ ከተማ ዓይን አላት። ነገር ግን የጎረቤት ዓይንና የሰርቨር መዝገብ አንድ አይደሉም። ጎረቤት ያየውን ይረሳል፤ የሚያየውም ከደጁ እስከሚታየው ድረስ ነው፤ እርሱም በተራው ይታያል፣ ለተናገረውም በዕድርና በሽማግሌ ፊት ይጠየቃል። መዝገቡ አይረሳም፤ ከቦንጋ እስከ ዲማ ያያል፤ የሚያነበውም ሰው ምናልባት አካባቢውን ረግጦት የማያውቅ ነው። እንዲያውም ሰው በሰው በሚተዋወቅበት አገር መዝገቡ የበለጠ አደገኛ ነው፤ ስም የሌለውን ነጥብ ስም ለመስጠት አንድ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ መጠየቅ ይበቃልና።

ባለንብረቱ በመኪናው ላይ የሚያስገጥመው ጂፒኤስ ትንሽ ለየት ያለ ጉዳይ ነው። መኪናው የእርሱ ነው፤ ነዳጅ ይሰረቃል፣ ጭነት ይጎድላል፣ ዕዳውም አለበት። ሹፌሩ በሥራ ላይ ሳለ መኪናው የት እንዳለ ማወቁን ማንም ሊነፍገው አይገባም። ችግሩ የሚጀምረው መሣሪያውን የገጠመው ድርጅት የብዙ ባለንብረቶችን መኪና መረጃ አሰባስቦ ለሦስተኛ ወገን «የትራፊክ መረጃ» ብሎ ሲያቀርብ ነው። ባለንብረቱ የፈቀደው ለራሱ ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ ከነጭራሹ አልተጠየቀም። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ እንደሚያድርም ልብ ይሏል። የመኪናው ሌሊት የእርሱም ሌሊት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና ግላዊነትን ያስከብራል፤ ገደብ የሚጣለውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ዝርዝር ሕግ ሲፈቅድ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ያዛል፤ ተቆጣጣሪ ሆኖ የተሰየመውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለጉዳያችን ዋናው ቁም ነገር አዋጁ የሚጠብቀው ማንነቱ የታወቀን ሰው ብቻ ሳይሆን ማንነቱ ሊታወቅ የሚችልን ሰው ጭምር መሆኑ ነው። እንግዲህ «ሊታወቅ የሚችል» የሚለው ሐረግ በመገናኛና በማሻ መንገድ ላይ አንድ ዓይነት ትርጉም ሊኖረው አይችልም። በመገናኛ ስሙ የተፋቀለት መረጃ ከአዋጁ ጥበቃ ውጭ ነው ቢባል ሊያስማማ ይችል ይሆናል፤ በማሻ መንገድ ላይ ያው መረጃ የግል ዳታ እንደሆነ ይቀራል። ተቆጣጣሪው መመሪያ ሲያወጣ ይህን የቦታ ልዩነት በግልጽ ቢያሰፍር መልካም ነው። (በነገራችን ላይ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ የሚያዘው «የትራፊክ ዳታ» የግንኙነት መረጃ እንጂ የመኪና አይደለም። የመንገድ መረጃ ከስልክ ሲሰበሰብ ግን ሁለቱ ትራፊኮች እዚያው ይገናኛሉ።)

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀጥታ የመንገድ መረጃ ለደቡብ ምዕራብ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከአዲስ አበባ ይልቅ እዚህ ያስፈልጋል። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ መብላላት ይጀምራል፤ ጥራቱም ዋጋውም ይወርዳል። ዝናብ ሲበረታ ዳገቱ ይንሸራተታል፤ ድልድይ በጎርፍ ይሞላል፤ አንድ ኢሱዙ ጭቃ ከያዘው ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ወደ አማን ሆስፒታል የምትወሰድ ምጥ የያዛት እናት መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑን ከመነሣቷ በፊት ማወቅ አለባት። ይሁንና በእነዚህ ምሳሌዎች ውስጥ የሚፈለገው መረጃ ምን እንደሆነ እንመልከት። የከተማው አሽከርካሪ የሚፈልገው ፍጥነት ነው፤ በየደቂቃው ይለዋወጣል። የእኛው መንገደኛ የሚፈልገው መንገዱ ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም የሚለውን ነው፤ ይህ የሚለዋወጠው በሰዓታት ነው። ፍጥነትን በየደቂቃው ለማወቅ መኪናን መከተል ግድ ይል ይሆናል። መንገዱ ማሳለፉን ለማወቅ ግን ማንንም መከተል አያስፈልግም።

ስለዚህ በከተማ በግላዊነትና በጥቅም መካከል ያለው ሽሚያ እዚህ አካባቢ በእጅጉ ይላላል። የበርክሌይ ተመራማሪዎች በ2008ቱ ሙከራ የተጠቀሙበት ዘዴ ለዚህ ይመቻል፦ በካርታው ላይ ምናባዊ መስመሮች ይሰመራሉ፤ ስልኩ መረጃ የሚልከው መስመሩን ሲያልፍ ብቻ ነው፤ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ጉዞ ማንም አያየውም። በከተማ መስመሮቹ ከመኖሪያ ሰፈር እንዲርቁ ይደረጋል። በእኛ አካባቢ ቤቶች መንገዱን ተከትለው ስለሚሠሩ መስመሩ የሚቀመጥበትን ቦታ መምረጥ ጥንቃቄ ይሻል፤ ድልድዮችና ከቤት የራቁ ዳገቶች ተመራጭ ናቸው፣ ችግሩም የሚፈጠረው እዚያው ነው። መስመሩን ያለፈ መኪና አለ ወይስ የለም የሚለው ብቻ ቢመዘገብ፣ ሰዓቱም በደቂቃ ሳይሆን በሁለት ሰዓት ክፍልፋይ ቢገለጽ፣ መረጃውም በቀናት ውስጥ ቢሰረዝ፣ ሹፌሩ የሚፈልገውን ያገኛል፤ ዘራፊው የሚፈልገውን አያገኝም። ምሽት ላይ ማሳያው ጨርሶ ቢዘጋ እመርጣለሁ። ከዚህ ጎን ለጎን ሹፌሮች ዱሮም የሚያደርጉትን፣ በፈቃዳቸው ደውለው «ዳገቱ ተዘግቷል» ማለታቸውን፣ የሚቀበል አንድ ነጻ የስልክ መስመር ከየትኛውም ስልተ ቀመር ያላነሰ ይሠራል፤ ስልኩን የሚያነሣው ሰው የደዋዩን ቁጥር እንዳይመዘግብ ብቻ ይታዘዝ።

ለሙከራ ምቹ የሆነው መንገድ ቅርብ ነው። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት በሚዛን ግቢ፣ የምህንድስናና የኮምፒውተር ትምህርቶች በቴፒ ግቢ ይሰጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ወደ 50 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ የቡና መኪና፣ የተማሪ አውቶቡስና የአምቡላንስ የጋራ መንገድ ነው። ሁለቱ ግቢዎች ፈቃደኛ ሹፌሮችን ይዘው አነስተኛ ሙከራ ቢያደርጉ፣ ውጤቱን የሚመዝኑበትን መለኪያ ከወዲሁ እጠቁማለሁ። የአንድ ሳምንት መረጃ፣ ስምና ሰሌዳ ተፍቆለት፣ ተጠቃሚው በሚያየው መልክ ይታተም። ከዚያም በሹፌሮቹ ስምምነት ወረቀቱ በመናኸሪያው ለብዙ ዓመት ለሠራ አንድ ተራ አስከባሪ ይሰጥና «ይህ ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። አንዱን እንኳ በትክክል ከጠራ ሥርዓቱ ለሕዝብ አይከፈትም፤ ክፍልፋዩ ይሰፋል፣ መስመሩ ይዛወራል፣ ወረቀቱም እንደገና ይቀርብለታል።